የእንግዳዋ ሥር

ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሥላሴ

ባለ ቀኖቹን ሥላሴን ጠርቼ ጀመርኩ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው፤ ጽሑፌ አያምርም። የሚያነበው ስለሌለ ግድ የለም።

መጻፍ የጀመርኩት ብቻዬን ማውራት ስላበዛሁ ነው። ትናንት ጎረቤቴ ኢንሳፍ በአጥሩ በኩል «ጋሽ አስረስ፣ እንግዳ መጣብዎ እንዴ?» አለችኝ። የለም ብላት ታዝንልኛለች፤ አለ ብላት ልትጠይቅ ትመጣለች። ሳል የያዘኝ መሰልኩ።

የባለቤቴ የለተብርሃን ሙት ዓመት መስከረም 24 ነው። ልጃችን ሰላማዊት ከዱባይ መጥታ ታወጣላታለች፤ ቃሏ ነው። ለቀብሩ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። የእናቷን መቃብር እስካሁን በስልክ ነው ያየችው።

መስኮቱ ላይ ያለችው አበባም ሰላም የላከቻት ናት። ኦርኪድ ይሏታል። የኢንሳፍ ልጅ ኢልሀም ከዱባይ ጠቅልላ ስትመለስ አውሮፕላን ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋ አመጣቻት። ለተ ስሙ አልያዝላት ቢል «እንግዳዋ» አለቻት፤ በዚያው ቀረ። ነጩ አበባ ከረገፈ ቆይቷል፤ አሁን ቅጠል ብቻ ናት። ሰላም በደወለች ቁጥር «ለእማዬ ሙት ዓመት ታብብ ይሆን?» ትለኛለች።

ዛሬ አንዱ ቅጠሏ ልፍስፍስ ብሎ አየሁት። ውሃ ጠምቷት ይሆናል።

ሐምሌ 9

ውሃ ጨመርኩ። ዝናቡ አላባራም። የታጠበ ልብስ አይደርቅም።

ሐምሌ 12

ሁለተኛው ቅጠልም ተከተለ። ጠዋት ከጸሎት በኋላ የእስጢፋኖስን ጠበል አናቷ ላይ አፈስሳለሁ፤ ለለተ በሕመሟ ጊዜ እንደማደርገው። ከሰዓት ደግሞ ተራ ውሃ። የጎደለባት ነገር የለም። ታዲያ ምን ሆነች?

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ሰላም ደወለች። በኢሞ እየተያየን ነው የምናወራው፤ ያስተካከለችልኝ ኢልሀም ናት። ገና ደኅና ዋልክ ሳትለኝ «አባዬ፣ እንግዳዋን አሳየኝ» አለች። መብራት ጠፍቷል አልኳት። መብራት አልጠፋም ነበር። የኔን ፊትስ በምን እያየችው ነበር? እሷም አላለችኝም፤ እኔም ያሰብኩት ከዘጋች በኋላ ነው።

ለተ በነበረች ጊዜ ስልኩን የምትይዘው እሷ ነበረች። እኔ ከኋላ ሆኜ «ሰላም በያት» ባይ ነኝ። እናትና ልጅ ሲሳሳቁ እሰማና ደኅና ናት ብዬ እተኛለሁ። አሁን ስልኩ በኔ እጅ ነው። መጀመሪያ ስለ አበባዋ ትጠይቃለች። እሱን እንጫወታለን፤ ቅጠሏ፣ መስኮቱ፣ ፀሐዩ። ከዚያ ነገሩ ያልቃል። «እሺ አባዬ» ትላለች። «እሺ ልጄ» እላለሁ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እሺ» ትላለች።

አበባዋ ከሌለች ምን ብላ ትደውላለች?

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ከቅዳሴ ስመለስ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወድቆ አገኘሁት። አንሥቼ መጽሐፈ ጸሎቴ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ርጥብ ስለነበር ገጹን አበላሸው።

ሐምሌ 20

ደወለች። እንግዳዋ ደኅና ናት አልኳት። «አሳየኝ» ስትለኝ ስልኩን በሩቁ፣ በደኅናው ቅጠል በኩል አዙሬ ቶሎ መለስኩት። «አምሮባታል» አለች።

ሐምሌ 24

ዛሬ ጨክኜ ከዕቃዋ አወጣኋት።

ስትመጣ ሥሯ በእንጨት ቅርፊት መሐል ራቁቱን ነበር። ግማሹ ከዕቃው አፍ ወጥቶ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ለተ አትንካት ትለኝ ነበር። ከአርባዋ በኋላ ግን አላስቻለኝም። ዕድሜዬን ያረስኩ ሰው ሥር ብርድ ሲመታው እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ? ቅርፊቱን ደፋሁና ከሐይቁ ዳር፣ ከሽንኩርት መሬቴ፣ ጥቁሩን አፈር በፍግ ለውሼ ሥሯን ቀበርኩላት። በደንብ ጠቅጥቄ። ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ሰሞን በእጄ ጀምሬ የጨረስኩት ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

አፈሩ አንድ ላይ እንደ ጭቃ ተነሣ። ሽታው መጣ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ሽንኩርት ሳይደርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ሲከርም የሚሸተው ነው። አንዱን ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ባደርገው ልጡ እንደ እጅጌ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ የቀረው ቀጭን ክር ነው። ሌላውን ጨበጥ አደረግኩት፤ ቡናማ ውሃ ፊጭ አለ። አንድ በአንድ እየጨበጥኩ ሄድኩ። ጠንካራው ጥቂት ነው።

አሁን ገባኝ። ቅጠሏ የጠወለገው ውሃ አንሷት አልነበረም። ሥሯ ስለበሰበሰ መጠጣት አቅቷት ነው። እኔ ጠማት እያልኩ እጨምራለሁ፤ ጨምሬ ስትብስ ደግሞ እጨምራለሁ። ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ውሃ።

አንቺ ለተ፣ አትንካት ብለሽኝ ነበር።

ሐምሌ 25

ኢልሀምን ጠራኋት። በጋዜጣ ላይ የተዘረጋችውን አይታ ራሷን ያዘች። አፈሩን በእግሯ ነካ አድርጋ «ጋሼ፣ ጤፍ ሊዘሩባት ነበር እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበርና ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ዱባይ የሠራችበት ቤት እንዲህ ዓይነት አበባ ሞልቶት ነበር። የሷ ሥራ በሳምንት አንድ ቀን ማጠጣትና ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ስትበሰብስስ ምን ታደርጉ ነበር አልኳት። «ጥለን ሌላ እንገዛለን» አለች። ማዳሟ መድኃኒቱን አታውቀውም፤ ኢልሀምም አታውቀውም። ስልኳን ከፍታ አንድ ሰውዬ በማናውቀው ቋንቋ ሲያስተምር አየን። ሰውዬው የበሰበሰውን በምላጭ ቆርጦ ይጥላል። ምላጩን በየቁርጡ በአልኮል ይጠርጋል። ቁስሉ ላይ ቀረፋ ይነሰንሳል። አድርቆ በቅርፊትና በከሰል ይተክላል፤ አፈር የሚባል የለም። አገሯ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው አለች ኢልሀም፤ ሥሯ አየር ይፈልጋል።

የጠበሉን ነገር ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። «እሱን የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም» አለች።

ለሰላም እንዳትነግሪ አልኳት። «እሺ» አለች። ወላሂ በይ አልኳት። ወላሂ አለችና ሆዷን ይዛ ተነፈሰች። «እኔ ግን ጋሼ፣ የሰው ምስጢር ሊያሳብጠኝ ነው፤ ግራ ቀኝ ነው የሚጨመርብኝ።» ሌላኛው የማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሐምሌ 28

ትናንት ሁለት ፋርማሲ ሄድኩ። አልኮል አልቋል አሉኝ። ነገ ጠይቁ። ዛሬም አልመጣም።

ኢንሳፍ ቤት የቅቤ ዕቃ ልመልስ ገብቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የፕላስቲክ ኦርኪድ አየሁ፤ ነጭ፣ ያበበ። በሩቁ ማን ይለየዋል? ዓይኔ እሱ ላይ ቆየ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። እንግዳዋ ከአፈር እንደወጣች፣ እንዳልተቆረጠች ናት። ሽታው ቤቱን ያዘው። መበስበሱ ወደ ግንዷ ከዘለቀ አለቀላት። አልኮል አልመጣም። አረቄስ አልኮል አይደለም?

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ አረቄ የምታወጣው ሴትዮ ቤት ገባሁ። እንዲያ ለብሼ መሄድ አልነበረብኝም፤ አላሰብኩትም። ጠርሙሱን ነጠላዬ ውስጥ ወሽቄ ስወጣ የእድራችን ዳኛ ደሳለኝ ፊት ለፊት መጣ። «እንዴት ዋልክ» አለኝ። ጠርሙሱን አየው። ለምላጭ ነው አልኩት። «እሺ» አለ። ምን ይበል?

ሰላም ደወለች፤ ኔትወርኩ አላናግር ብሎን ተቆረጠ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ልጄ ስትደውል ስልክ በመቆረጡ አመሰገንኩ።

ነሐሴ 5

ዛሬ ቆረጥኳት።

ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ በሩን ክፍት አድርጌ ብርሃን ላይ ተቀመጥኩ። አረቄውን በሲኒ ቀዳሁ። ምላጩን ነክሬ ጠረግኩ። መጀመሪያ በጣቴ እየጨበጥኩ ለየሁ፤ የሚፈርጠውን ወዲህ፣ ጠንካራውን ወዲያ። ከዚያ የበሰበሰውን እስከ ደኅናው ድረስ ቆረጥኩ። የተቆረጠው ፊት ነጭ አረንጓዴ እስኪሆን። ቡናማ ነጥብ ካለው እንደገና። በየቁርጡ ምላጩን አረቄ ውስጥ ነከርኩት። እጄ የለመደው ሽንኩርት ነው።

ሲያልቅ ሦስት ሥር ቀረ። አንዱ አጭር ነው።

ግንዷን አገላብጬ አየሁት፤ ጠንካራ ነው፣ ጫን ሲሉት አይሰረጉድም። አናቷም ላይ የተጠራቀመ ውሃ ነበር፤ በጨርቅ ጫፍ እየነካሁ አደረቅኩት። ለሻይ የገዛሁትን ቀረፋ ወቅጬ ቁስሉን ሁሉ ነሰነስኩት። ደኅናውን ሥር እንዳይነካ ተጠነቀቅኩ፤ ያደርቀዋል ብሎ ነበር ሰውዬው በእጁ። በእጁ ያለው እንደዚያ የመሰለኝ ማለቴ ነው።

የበሰበሰውን አጥር ሥር ወስጄ ቀበርኩ። መሬቱ ረጥቧል፤ ስቆፍር ደክሞኝ ተቀመጥኩ። ተቀምጬ ቆየሁ።

ነሐሴ 7

በከሰል ስብርባሪና በጥድ ቅርፊት ተከልኳት፤ ቅርፊቱን ቀቅዬ አድርቄ። ዕቃውን በጋለ ሚስማር በሳሳሁት። ውሃ የለም። እጄ ግን ጠዋት ራሱ ተነሥቶ ወደ ጠበሉ ጠርሙስ ሄደ።

ነሐሴ 9

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ዛፉ ሥር ቆሜ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ ከወዲያ ማዶ ሴቶች ያወራሉ።

«አስረስ ጀመረው አሉ።»

«በፍልሰታ?»

«በነጠላው ደብቆ ነው አሉ የሚወስደው።»

«ምን ያድርግ እቴ፣ ቤቱ ባዶ ነው።»

ወጥቼ ለምላጭ ነው ልበላቸው? ዝናቡ ሳያባራ ሄድኩ።

ነሐሴ 10

የነፍስ አባቴ አባ ሙላት ሳይጠሩ መጡ። ለምን እንደመጡ ገብቶኛል። መስኮቱ ላይ አበባዋና የአረቄው ጠርሙስ ጎን ለጎን ቆመዋል። ጠርሙሱን አንሥተው አዩት፤ ምንም አልጎደለም ማለት ይቻላል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አፈሩን፣ ምላጩን፣ ጠበሉንም። ጠበል መተዌ ሃይማኖት ማጉደል እንዳይሆንብኝ ፈርቻለሁ አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አበባዋን አዩዋት። «ክርስትና አንሥተሃታል እንዴ?» አሉኝ።

አላነሣሁም አልኩ፤ ሳቁ። ኋላ ግን ሳቃቸውን ተዉና «ጠበሉን አንተ ጠጣው አስረስ። ፊትህን አይተኸዋል?» አሉ። መስታወቱን ለተ ካረፈች ወዲህ ወደ ግድግዳ እንዳዞርኩት ነው። አልነገርኳቸውም፤ ሲወጡ ግን ሲያዩት አየኋቸው።

ነሐሴ 11

ሰላም ደወለች። ምስሉ እምቢ አለ፣ ድምፅ ብቻ። እንግዳዋ ደኅና ናት። እሺ አባዬ። እሺ።

ነሐሴ 12

ኢንሳፍና ኢልሀም ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ያሰጣሉ። ኢልሀም «ፈርማለች እኮ፤ ሰላም አትመጣም። ለአባቷ መንገሩ ነው የጨነቃት» አለች። ኢንሳፍ «ያ ረቢ፣ ለመስከረሙም?» አለች።

ሰላም የሚባል ሰው ብዙ ነው። ዱባይም ሰፊ አገር ነው።

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ልጆች መጥተው በሩ ላይ ጨፈሩ። ዳቦ አልጋገርኩም። መብራት አጥፍቼ እስኪሄዱ ቆየሁ። ረጅም ጨፈሩ። የለተን ዳቦ ለምደው ነው።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ሰላም ደወለች። ስለ አበባዋ አልጠየቀችኝም። ፊቷ ልክ አልነበረም። ዱባይ ያሉ የከተማችን የሐይቅ ልጆች ነግረዋታል። «አባዬ፣ መጠጣት ጀመርክ አሉ። እውነት ነው?» አለችኝ።

ለምላጭ ነው ብላት፣ የምን ምላጭ ትለኛለች። ምላጩን ስነግራት ሥሩን ልነግራት ነው። ሥሩን ስነግራት አፈሩን። ስልኩ መስኮቱን እንዳያይ ዘወር አደረግኩትና «ትንሽ፣ ለብርዱ» አልኳት።

«በፍልሰታ?» አለች። እናትሽ ብትኖር አላለችም፤ እኔ ግን ሰማሁት። ሥራ አለብኝ ብላ ዘጋች።

አንዲት ጠብታ ያልቀመስኩትን ሰከርኩ ብዬ መሰከርኩ። በራሴ ላይ በሐሰት መሰከርኩ። ትእዛዙ በባልንጀራህ ላይ ነው የሚለው፤ በራስ ላይስ? አባ ሙላትን ልጠይቅ አስቤ ተውኩት። የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

አልደወለችም።

ነሐሴ 26

ኔትወርክ ይሆናል። ኢልሀምን ሄጄ ኔትወርክ አለ ወይ አልኳት። «አለ» አለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

ነሐሴ 29

እንግዳዋን በሳምንት አንድ ቀን አጠጥቼ አንጠፈጥፋለሁ። ቅጠሏ አሁንም ልፍስፍስ ነው፤ ግን ሌላ አልወደቀም። ሽታው ጠፍቷል። ይህን ለማን ልንገር?

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ስልኩን በእጄ ይዤ ዋልኩ። ኪሴ ውስጥ ካስገባሁት አልሰማውም ብዬ። አልደወለችም።

አበባዋን ያጣሁ እንደሆነ ስልኩን አጣለሁ ብዬ ነበር የዋሸሁት። አበባዋ ይኸው አለች።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ጠዋት ዝናብ ወረደ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፤ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው። ልጅ አዋቂው ይጠመቃል፣ ሴቶቹ ባልዲ ይደቅናሉ። መስኮቱ ያንጠባጥባል፤ እንግዳዋን አንሥቼ ወደ ውስጥ፣ ደረቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። እሷን አስቀምጬ እኔ ወጣሁ። አናቴን ገልጬ ቆምኩ። ኢንሳፍ በሯ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ብርድ እንዳይመታዎ» አለችኝ። ገብቼ ልብስ ቀየርኩ።

ከዚያ ደወልኩላት። እኔ ለልጄ ደውዬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ደዋይዋ እሷ ናት። ፎቶዋን መጫን ነው። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነሣችው፤ እንቅልፍ ላይ ያለች ሰው ደንግጣ እንደምትነሣው። «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አለች። ደኅና ነኝ አልኳት። ስልኩን ወደ ጠረጴዛው አዞርኩት፤ ቅርብ አድርጌ፣ በታመመው በኩል።

«ሥሯ የት ሄደ?» አለች።

«በሰበሰ። አፈር አልብሻት ነው። ቆረጥኩት። አረቄው ለምላጩ ነበር።»

መጀመሪያ ሳቀች። አረቄው ለምላጭ፣ አረቄው ለምላጭ እያለች ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ተለወጠ፤ ስልኩን ከፊቷ አራቀችው፣ ጣሪያው ብቻ ይታየኝ ጀመር። እኔም ጣሪያውን አየሁ። ስትመለስ «ትድናለች?» አለች። አላውቅም አልኳት። ሦስት ሥር ቀርቷታል፤ እነሱ ጠንካራ ናቸው። ላታብብ ትችላለች። ልትሞትም ትችላለች።

«አባዬ፣ እኔም ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለች።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

ማን ነገረህ አላለችም። የሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርማለች። ካልፈረመች አሠሪዎቿ ፈቃድ አይሰጧትም፤ ከፈረመች ደግሞ አሁን አይለቋትም፤ እንዲህ ነው ያለችኝ፣ ሁለቴ ተረከችልኝ፤ አልገባኝም፤ ገብቶኛል አልኳት። ለሙት ዓመቱ አትደርስም። እኔ አወጣላታለሁ፣ ኢንሳፍ ታግዘኛለች፣ ደሳለኝም አለ አልኩ። መቃብሯን እንደገና በስልክ አሳይሻለሁ። «እሺ አባዬ» አለች።

ከዚያ ያ ዝምታ መጣ። ድሮ ቢሆን ለተ የምትሞላው ዝምታ። አሁን የሚሞላው ሰው የለም። እሷም ታውቃለች። አልዘጋችም። እኔም አልዘጋሁም።

«ዛሬ ምን በላህ?» አለች።

በልቻለሁ ልላት ነበር። እንጀራ በአዋዜ አልኳት።

«ትናንትስ?»

ያንኑ አልኳት።

«ሽሮ አለ ቤት?»

አለ አልኳት። እናትሽ ያዘጋጀችው ነው፤ አልከፈትኩትም። «ክፈተው» አለች። «ስልኩን እዚያ አቁመው። ምድጃው ይታየኝ። እንዳትዘጋ።»

ከፈትኩት። የለተ እጅ ሸተተኝ፤ አልነገርኳትም፤ ያየችኝ ይመስለኛል። ዘይቱን አበዛኸው አለች። ውሃው ሳይፈላ ጨመርከው አለች። አማስል፣ አማስል፣ እጅህን አታቁም። ትንሽ ነው ውሃው። አሁን በዛ። ከጀርባዋ ሰው ይጠራታል፤ በዓረብኛ መለሰችና ወደ እኔ ተመለሰች።

«ጓጎለብህ» አለች።

አልጓጎለም አልኳት። ጓጉሏል። እያየችኝ ተቀምጬ በላሁት፤ እስኪያልቅ።

«ነገ ምስር ነው» አለችና ዘጋች።